አራት መቶ አሥራ ሁለት ጋቢ

ሰኔ 23 ቀን 1971፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር ከሽሮ ሜዳ ገዛሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ስሞላ ነው የኖርኩት፤ ለራሴ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ሥራ ከያዝኩ ድፍን ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ማንም አላስታወሰም፤ እኔው ልጻፈው።

ዘርትሁን ለታ እባላለሁ። የወህኒ ቤቱ ክሊኒክ ድሬሰር ነኝ። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ስምንት አልጋ አለ፣ በሌላው ጠረጴዛዬና የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ። ሐኪም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል ይባላል። ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። ስለዚህ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ጥርስ እነቅላለሁ። በሴቶች ክልል ሁለት ሕፃናት አዋልጃለሁ፤ ሁለቱም በሕይወት አሉ።

ሌላው ሠራተኛ የት ነው የምትሠራው ሲባል አንገቱን ይደፋል። እኔ አልደፋም። ለዚህ ግቢ አጥር አባቴ ድንጋይ ተሸክሟል። ጣሊያን ያሠራው ለበቅሎ ጋጣ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ኋላ በጃንሆይ ጊዜ መስኮቱ ላይ ብረት ተገጠመና እስር ቤት ተባለ። እኔ ስቀጠር ሁለት መቶ አሥር እስረኛ ነበር፤ ከብት ሌባና ነፍሰ ገዳይ። በዛሬ ጠዋት ቆጠራ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ። አባቴን ስለዚያ ሥራ ስጠይቀው «በቅሎ ነው ያሉን» ብቻ ይላል።

አሁን ዳቦ ቤት አለን፣ አናጢ ቤት አለን፣ ከሁሉም በላይ ሽመና አዳራሹ አለን። ሃያ ስድስት እስረኛ ሸማኔ ከጠዋት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲያመላልስ ክሊኒኬ ድረስ ይሰማል። እኔም የራሴ አለኝ፦ በዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው በወረርሽኝ አልሞተብኝም።

በ69ና በ70 ክረምት ማታ ማታ ስማቸው ተጠርቶ የወጡ ሰዎች ነበሩ ይባላል። እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ።

ሐምሌ 2፣ ሰኞ

መቶ አርባ ሰው ከሌላ ቦታ ተዛውሮ መጣ። በሦስት የጭነት መኪና፣ በዝናብ። አርባ ሰው ይይዝ የነበረው ክፍል ዛሬ ዘጠና ስድስት ገባበት። የክፍሉን አለቃ እስረኞች ካቦ ይሉታል፤ የዚህኛው ሙሐዲን ነው፣ በፊት የመርካቶ ነጋዴ የነበረ ረጋ ያለ ሰው። «እትዬ ዘርትሁን፣ ማታ ጎን የምንቀይረው በጭብጨባ ነው። እኔ አጨበጭባለሁ፣ ሁሉም አብሮ ይዞራል» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም።

ከመጡት አንዱ ስብሐት ይባላል። ጤና መኮንን ነበር። አስተዳዳሪያችን ሻምበል ታረቀኝ «ክሊኒክ ይርዳሽ» ብለው ላኩት። ረዳት ይሰጠኝ አላልኩም።

ሐምሌ 10፣ ማክሰኞ

ሸፊ ሞተ።

ሸፊ የሽሮ ሜዳ ባለሱቅ ነው። ስኳር ደብቀሃል ተብሎ ሚያዝያ ላይ ታሠረ። እኔም ሳሙናና ክብሪት የምገዛው ከእሱ ሱቅ ነው፤ አሁን ሚስቱ ኡሙሀኒ ናት የምትሸጠው። ሦስት ቀን ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረው። አራት ሰዓት ላይ ፔኒሲሊን ወጋሁት፤ ሙሉ መጠን፣ እንደተማርኩት። ስምንት ሰዓት ላይ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተገኘ።

መርፌው ትክክል ነበር። ጊዜው አላለፈበትም። ብልቃጡን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ሙሐዲንና ስብሐት ሬሳውን እንጠብ ብለው ለመኑኝ። ደንቡ አይፈቅድም። ሬሳው ያለበትን ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ረስቼ ወጣሁ። ስመለስ ከቁም ሣጥኑ አንድ አዲስ አንሶላ ጎድሏል። አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

ሻምበል ታረቀኝ ቢሮ ተጠራሁ። ኦጋዴን ላይ የቆሰለ እግራቸውን ወንበር ላይ አጋድመው ነበር። ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ ይህን መጻፍ እፈልጋለሁ። እሳቸው ሲመጡ ነው ድብደባ በግቢያችን የቀረው። ከበፊቶቹ ጋር አይወዳደሩም።

«ጓዲት ዘርትሁን፣ ምክንያቱ ምንድነው?»

«ትኩሳት ነበረው፣ ጓድ ሻምበል። ምን ዓይነት እንደሆነ ገና አላወቅሁም።»

«ካላወቅሽ አትጻፊው። ነጋዴ ነው፣ ወፍራም ነው። የልብ ድካም በይው።»

ሸፊ ወፍራም አልነበረም። ሲገባ ነበር እንጂ።

ጻፍኩት። «የልብ ድካም» ብዬ ፈረምኩ። እጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው ይሉኛል፤ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊም ዛሬ ይህንኑ ደገመልኝ።

ሻምበል ሲያሰናብቱኝ አዳራሹ ስለሚሸምናቸው ጋቢዎች አወሩ። ለአብዮት በዓል በሚከፈተው ኤግዚቢሽን ግቢያችን አራት መቶ ጋቢ ያቀርባል። ከዚያ በፊት ከበላይ አንድ ኮሚቴ መጥቶ ያያል። «እስር ቤት ሳይሆን የሥራ ቤት መሆናችንን ይዩ» አሉ። ዓይናቸው በራ። እኔም ደስ አለኝ፤ ግቢዬ ነው።

ሐምሌ 13፣ ዓርብ

ኡሙሀኒ በር ላይ ነበረች። ስንቅ ይዛ። የበሩ ዘበኛ አሥር አለቃ ቶለሳ ሰሃኑን ተቀብሎ ከፍቶ ፈተሸና አስገባው። እሷም የትናንቱን ባዶ ሰሃን ተቀብላ ሄደች።

«ጋሽ ቶለሳ፣ ለምን አልነገራችኋትም?» አልኩት።

«ትዕዛዝ አልመጣም። ትዕዛዝ እስኪመጣ ስንቅ ይገባል።»

«ማነው የሚበላው?»

ጃንጥላውን ዘረጋና ወደ ሌላኛው ተሰላፊ ዞረ።

እሷ አየችኝ መሰለኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ነበር። ዝናብ ነበር።

ሐምሌ 17፣ ማክሰኞ

ከስምንቱ አልጋ ስድስቱ ሞልቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት፤ ትኩሳት፣ ብርድ፣ አንዳንዱ ነስር። ሁለቱ ድነው ወጥተው በሳምንታቸው እንደገና ተመለሱ።

ስብሐት ሲጠርግ ሲጠርግ ቆይቶ መጥረጊያውን አስደገፈና «አንድ ነገር ልናገር?» አለኝ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ልጅ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። የአንዱን በሽተኛ የሸሚዝ አንገትጌ ገልብጦ አሳየኝ። ስፌቱ ውስጥ ቅማሉ ተደርድሯል።

«ግርሻ ነው፣ እትዬ። በቅማል የሚመጣው ተስቦ። ይለቅቃል፣ በሳምንቱ ያገረሻል። ጎንደር ሳለሁ አይቼዋለሁ።»

«መድኃኒቱስ?» አልኩት፤ ድምፄ ደርቆ።

«ያው ፔኒሲሊን ነው። ግን በትንሹ ነው የሚጀመረው። ሙሉው ከተሰጠ ተሕዋሲው በአንዴ ያልቅና ሰውነት ይናወጣል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ከተነሣ...»

አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርስ አልፈለግሁም። «ማን ጠየቀህ?» አልኩት። «ሂድና ባልዲውን ድፋ።»

ሄዶ ደፋ።

ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ጥፋቴ አይደለም። ማንም አላስተማረኝም።

ሐምሌ 24፣ ማክሰኞ

ሦስት ሰው በአራት ቀን ሞተ። ሠላሳ አንድ በሽተኛ፤ መሬት ላይ ሳይቀር። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ሳንባ» ብዬ ጻፍኩ፣ ለሦስተኛው «የልብ ድካም»።

አሁን በስብሐት መንገድ ነው የምንወጋው። በትንሹ። ከወጋን በኋላ አንዳችን አጠገቡ እንቀመጣለን፤ ውኃ በስኳር በማንኪያ፣ እግሩ ከፍ ብሎ፣ እንዳይነሣ። በዚህ መንገድ ከወጋናቸው አንድም አልሞተም። የሞቱት ሦስቱ መርፌው ሳይደርሳቸው በየክፍላቸው ነው የሞቱት። ይህን ስብሐት አልነገረኝም፤ እኔው ቆጥሬ ነው ያገኘሁት።

ለሻምበል ነገርኳቸው። «ተስቦ የሚል ቃል ከዚህ ግቢ አይወጣም» አሉ። «ኮሚቴው ጳጉሜ ላይ ይመጣል። ማስረጃ አለሽ? የእስረኛ ወሬ ነው ያመጣሽልኝ።»

እውነታቸውን ነው፤ ማስረጃ የለኝም።

ሐምሌ 27፣ ዓርብ

በፍጥነት። ከሦስት ሰው ደም ወሰድኩ። በስላይድ ላይ ቀባሁ፤ ስብሐት ነው እንዴት እንደሚቀባ ያሳየኝ። ስላይዶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ በሹሩባዬ ሥር፣ ከላይ ሻሽ። በር ላይ ቦርሳዬን ፈተሹ፤ ሻሼን አልነኩም።  

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

ዋቅቶላ ከድሬሰር ትምህርት ቤት የማውቀው ነው፤ አሁን በአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ይሠራል። ስላይዶቹን ስሰጠው ምንም አልጠየቀም። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየና «ነይ እይ» አለኝ። ቀይ የደም ሕዋሶቹ መሐል ቀጫጭን የተጠማዘዘ ክር። ብዙ።

«ከየት ነው ይኼ?»

«ከሰፈር።»

«ዘርትሁን፣ እኔ አንቺ የት እንደምትሠሪ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ስም የሌለው ወረቀት ስጠኝ።»

ጻፈ፣ ማኅተም መታበት፣ ስም የሚሞላበትን ባዶ ተወው። ወረቀቱን ሲሰጠኝ እጄን ትንሽ ያዝ አደረገና ለቀቀው። አግብቷል፤ ይህን የምጽፈው በሌላ አይደለም፤ ብርታት የሰጠኝ ያ ነው ለማለት ነው።

ነሐሴ 2፣ ረቡዕ

ጋሽ ቶለሳ ታመመ። ጥበቃ ላይ ቆሞ ወደቀ። ሌሎች አምስት ዘበኞችም ያተኩሳቸዋል። ዛሬ ደግሞ ሁለት እስረኛ ሞተ። እስካሁን ስድስት።

ቶለሳን ራሴ ወጋሁት፤ በትንሹ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተንቀጠቀጠ። «ልነሣ» አለኝ፤ ደረቱ ላይ በሁለት እጄ ተደግፌ ያዝኩት። ምሳ አልሄድኩም። ከሐምሌ 10 ወዲህ ምሳ ሄጄ አላውቅም።

ነሐሴ 6፣ እሑድ

በሰንበት ሻምበል ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ያወጣሁት ከየት እንደሆነ፣ እንዴት እንዳወጣሁት ነገርኳቸው። ይህ ብቻውን ያሳስረኛል። አባቴ ጠዋት ነጠላዬን ሲያቀብለኝ «ቶሎ ነይ» ብቻ ነው ያለው።

ሻምበል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሰው ሁሉ ራሱን ይላጭ። ልብስ ሁሉ፣ ብርድ ልብስ ሁሉ ይቀቀል። የዘበኞቹም። ክፍል በክፍል ከሆነ አይሆንም፤ የተቀቀለው ካልተቀቀለው ጋር ሲተኛ መልሶ ይዞታል። በሁለት ቀን መላው ግቢ መጨረስ አለበት።»

«ስምንት መቶ ስድሳ ሰው ነው። ልብሱ ሲቀቀል ምን ይለብሳል? በነሐሴ ዝናብ ራቁቱን ይቁም? ከተስቦ የተረፈው በብርድ ይሙት?»

ይህንን ሌሊቱን ሙሉ አስቤበት ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ መወርወሪያው ስለማይሰማ። እሑድ ነው፤ አዳራሹ ተዘግቷል።

«ጋቢዎቹን» አልኩ።

ቀጠልኩ፦ «አራት መቶ አሥራ ሁለት አልቋል። ግማሹ እስረኛ በአንድ ቀን፣ ግማሹ በማግስቱ። ገላውን ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ያኔ ይለብሳል። ክሊኒክ ውስጥ የተኙት በአንሶላ ይቆያሉ። በመጨረሻ ጋቢዎቹም ይቀቀላሉ።»

«የተቀቀለ ጋቢ ኤግዚቢሽን ላይ?»

«ጓድ ሻምበል፣ ኮሚቴው ሲመጣ ሸማኔዎቹም ሞተው ይቆዩዎታል። ሁለቱ ክሊኒኬ ውስጥ ናቸው።»

ተነሥተው እግራቸውን እየጎተቱ መስኮቱ ጋ ሄዱ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ረቡዕና ሐሙስ የከፍተኛ ቀበሌ ስብሰባ አለኝ፤ አልገባም» አሉ። «የአዳራሹ ቁልፍ ዘበኛ ቤት ይሰቀላል። እኔ ምንም አልፈቀድኩም።»

«ገብቶኛል።»

«ምን ገባሽ?»

«ምንም አልፈቀዱም።»

ያን ጊዜ ዞረው አዩኝ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ከብርሃኑ አልለየሁትም።

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

ደክሞኛል ግን እጽፋለሁ። ይህ ቀን እንዲጠፋ አልፈልግም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ሙሐዲን ካቦዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ሥራ አከፋፍሎ ጠበቀኝ። ከዳቦ ቤቱና ከአናጢ ቤቱ አሥራ አንድ በርሜል ተገኘ። እንጨቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው፤ ርጥብ ስለሆነ አልነድ አለ፤ አናጢዎቹ የተሰበረ የሽመና ዕቃ ፈልጠው አቀጣጠሉት። ሦስት ሰዓት ላይ በርሜሎቹ ፈሉ።

መላጫ ስድስት ብቻ ነበረን። የሚላጨው ረድፍ ከበሩ እስከ ውኃው ቧንቧ ተሰለፈ። ስብሐት በየተራው እያየ «የብብትም፣ አባቴ፣ የብብትም» ይላል። አንድ ቄስ ነበሩ፤ ጢማቸውን እንዳይነኩ ለመኑ። ፍልሰታ ነው፣ እየጾሙ ነው። ለአንድ ሰው ከተውኩ ለሁሉም መተው ነው። «አባ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አልኳቸው። አገጫቸውን ቀና አደረጉልኝ። ራሴ ላጨኋቸው።

ገላውን ታጥቦ የጨረሰ ወደ አዳራሹ ይገባል፤ በወዲያኛው በር ጋቢ ለብሶ ይወጣል። የሚያድሉት ሸማኔዎቹ ናቸው። አንዱ ሸማኔ፣ ሾዴ የሚባል የጋሞ ሽማግሌ፣ እያንዳንዱን ጋቢ ሲሰጥ ጠርዙን በጣቱ ዳሰስ እያደረገ «ይኼ የእኔ ነው፣ ይኼ የእኔ አይደለም» ይላል። የራሱን ሥራ ሰው ለብሶት አይቶ አያውቅም፤ ሁሉም ወደ መጋዘን ነበር የሚሄደው።

አምስት ሰዓት ላይ ቀና ብዬ ግቢውን አየሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት የተላጨ ሰው በአዲስ ነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ ቆሟል። ነፍሰ ገዳዩን ከተማሪው፣ ነጋዴውን ከከብት ሌባው መለየት አይቻልም። ማንም አልጮኸም። ማንም ከመስመር አልወጣም። ግንቡ ላይ ያሉት ዘበኞች ጠመንጃቸውን አንግተው ያያሉ። ኋላ አንዱ ዘበኛ ወርዶ ካፖርቱን አውልቆ «የእኔንም ክተቱልኝ» አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ዝናቡ እስከ አሥር ሰዓት ታገሠን። የተጨመቀውን ልብስ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ዙሪያ አሰጣነው። ነገ ሌላው ግማሽ።

በግቢዬ ሥርዓት ዘጠኝ ዓመት ስኮራ ኖሬያለሁ። ሥርዓት ማለት ምን እንደሆነ ግን ዛሬ ነው ያየሁት፤ አንድም ሰው ትዕዛዝ አልሰጠም።

ነሐሴ 10፣ ሐሙስ

ጨረስን። ስምንት መቶ ስድሳ አንድ። ጋቢዎቹም ተቀቀሉ። ነጩ ትንሽ ወየበ፣ ትንሽም አጠረ። ሾዴ የአንዱን ጠርዝ ዳሰሰና «ይለበሳል» አለ።

ነሐሴ 14፣ ሰኞ

ስብሐት አተኮሰው። ልብሱን ከመቀቀላችን በፊት ይዞት ኖሯል፤ ደብቆን ነው። «መጠኑን ታውቂዋለሽ» አለኝ። እርስዎ ማለቱን የተወው ዛሬ ነው፤ ቅር አላለኝም።

አራት ሰዓት ላይ ወጋሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ላይ መንቀጥቀጡ ጀመረ፤ አልጋው ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። መሐል ላይ ስለ እናቱ ቤት፣ ስለ አንድ ስብሰባ፣ ስለ አንዲት ልጅ አወራ። ስሞች ጠራ። እዚህ የማልጽፋቸው ስሞች ናቸው፤ ረስቻቸዋለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ግፊቱ ወረደ። ከንፈሩ አመድ መሰለ። አንድ ብልቃጥ ጉሉኮስ ብቻ ነበረኝ፤ ለኮሚቴው መታያ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠ። ሰካሁት። አሥር ሰዓት ላይ ዓይኑን ገልጦ «ምሳ በላሽ?» አለኝ።

ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ለእሱ ብቻ አይደለም።

ነሐሴ 26፣ ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ በሽተኛ የለም። የሞቱት በጠቅላላ አሥራ አንድ ናቸው።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ኡሙሀኒ ሱቅ ሄድኩ። ትዕዛዝ አልመጣም። ስንቁ እስከ ትናንት ድረስ ገብቷል። ገበያተኛው እስኪወጣ ጠብቄ «ኡሙሀኒ፣ ሸፊ ሞቷል» አልኳት። «ሐምሌ 10።»

ሚዛኑን አስቀመጠች። «አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰሃኑ። ሸፊ በርበሬ አይችልም፤ ከዳር ያለውን ድልህ ትቶ ነው የሚመልሰው። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ሰሃኑ ተጠርጎ ይመጣል።»

«ታዲያ ለምን ማምጣት አልተውሽም?»

«ማንም አልነገረኝማ። ሚስቱ ነኝ። ሳይነገረኝ ማቆም አለብኝ?» ሚዛኑን ጠረገችና «ደግሞ የሚበላው ሰው እርቦት ይሆናል» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ትኩሳቱን፣ መርፌውን፣ መጠኑ ለእንዲህ ያለው በሽታ ብዙ እንደነበር። «አላወቅሁም ነበር» አልኳት። «ግን ሌላም አለ። ከወጋሁት በኋላ ምሳ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ብቻውን ነበር። ተነሥቶ ነው የወደቀው።» ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እዚህም አልጻፍኩትም ነበር።

ውጪ ታክሲ ይጠራል። ከዚያ «አጥበውታል?» አለችኝ።

«አዎ። ሙሐዲን የሚባል እስረኛና ሌላ አንድ ሰው። በአዲስ ነጭ አንሶላ ከፍነውታል። ሙሐዲን ሰግዶበታል።»

«ማን ፈቀደላቸው?»

«ማንም። ቁልፉን ረስቼ ወጣሁ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ቆሜ ጠበቅኋት። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ስወጣ ግን «ሙሐዲን የማን ልጅ ነው? ስንቅ የሚያመጣለት አለው?» አለችኝ። የለውም አልኳት።

ጳጉሜ 2፣ ዓርብ

ኮሚቴው መጣ። አምስት ሰዎች፣ አንዷ ሴት። ግቢው ተጠርጓል፣ እስረኛው ጠጉሩ አጭር፣ ልብሱ ንጹሕ። እንዲህ ዓይነት ንጹሕ እስር ቤት አላየንም አሉ። ሴትየዋ አንዱን ጋቢ ዳሰሰችና «ይኼ ታጥቧል እንዴ?» አለች።

ሻምበል ቀጥ ብለው ቆሙ። «ታጥቧል» አሉ።

ክሊኒክ ደረሱ። መዝገቡን ገለጡ። «በዚህ ክረምት አሥራ አንድ ሰው ነው የሞተባችሁ? ስድስቱ በልብ፣ አምስቱ በሳንባ?» አለኝ አንዱ።

ሻምበል ከበስተኋላቸው ነበሩ። ፊታቸውን አላየሁም፤ ለማየትም አልፈለግሁም።

«አሥራ አንዱም በተስቦ ነው» አልኩ። «በቅማል የሚመጣው። ምክንያቱን አዛብቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማው የእኔ ነው። አርባ ሰው በሚይዝ ክፍል ዘጠና ስድስት ሰው ስለገባ ነው የተዛመተው። አሁን ቆሟል። ልብስ ቀቅለን ነው ያቆምነው። እስረኞቹ ካልተቀነሱ ግን በበጋም ይመለሳል።»

ሰውዬው ወደ ሻምበል ዞረ። «ትክክል ነው ይህ?»

«ቁጥሩ ትክክል ነው» አሉ ሻምበል። «ድሬሰሯም ትክክል ናት።»

ኮሚቴዎቹ ወጡ። ወዲያው እስክርቢቶ አንሥቼ አሥራ አንዱን መስመር አንድ በአንድ ሰርዤ «ተስቦ» ብዬ ጻፍኩ። የሸፊ ስም አጠገብ «መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ፤ አጠገቡ አልነበርኩም» ብዬ ጨመርኩ። ስምና ቀን።

መስከረም 8 ቀን 1972፣ ረቡዕ

የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ወደ ወለጋ፣ ወደ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ። ቅጣት ነው ይላሉ። ሻምበልም ከሥራ ታግደዋል፤ ጋቢዎቹን ያለ ፈቃድ አውጥተዋል ተብለው። ሄጄ ልሰናበታቸው አልቻልኩም፤ መልእክት ላክሁ።

ከዘጠና ስድስቱ ሃምሳዎቹ ወደ ሌላ ክፍል ተከፍለዋል። ከዚህ የበለጠ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ስብሐት ግን አለ፤ ክሊኒኩን ለአዲሷ ድሬሰር የሚያሳያት እሱ ነው። ልጅቷ በትንሹ መጀመርን በአንድ ጠዋት ያዘችው። ስሰናበተው እጄን ያዘና «ወለጋም ቅማል አለ» አለኝ። ሳቅን። ፊት ለፊቴ ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያው ነው።

ከቀትር በኋላ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ጋሽ ቶለሳ ነበር፤ ድኖ ገና ትናንት ሥራ የገባ፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ቦርሳዬን ከፈተ። ነጠላዬን አነሣ፣ ከሥሩ ይህን ደብተር አገኘ።

ከሐምሌ ጀምሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደል ቆጥሯል። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ደብተሩን ከፈተና በጣቱ መስመሩን እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። የትኛው ገጽ እንደሆነ ከቆምኩበት አይታይም። በየትኛውም ገጽ አንዳችንን የሚያሳስር ነገር አለ። ከኋላዬ ሁለት ዘበኞች ተራ ይጠብቃሉ።

አንድ ገጽ ጨረሰ። ገለጠ። ሌላ ግማሽ አነበበ። ዘጋው።

«ምንድነው?» አለ ከኋላ ያለው ዘበኛ።

ጋሽ ቶለሳ የበሩን መዝገብ ሳበና እስክርቢቶውን በጡጫው ጨብጦ፣ ፊደል በፊደል፣ እኔ እያየሁት ጻፈ፦ «አንድ ደብተር። የግል ዕቃ።»

ከዚያ ነጠላዬን አጣጥፎ ከላዩ አስቀመጠና ቦርሳውን ሰጠኝ።

«ዘርትሁን፣ እኔ በዚህ በር አሥራ ሁለት ዓመት ፈትሻለሁ፤ የሚያዘውንና የሚታለፈውን አውቃለሁ» አለኝ። «ሂጂ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቀስ በይ።»